ካርቶን የሌለውን አይጽፍም

እትዬ ዘሀራን ዓርብ ከሰዓት ቀበርናቸው። ማረፋቸውን ጠዋት የነገረኝ ወንድሜ ዮናስ ነው። ለሥራ ስወጣ መኪናዬ አጠገብ ቆሞ ጠበቀኝ። “እትዬ ዘሀራ አልነቁም። አሁን ሙባረክ ደወለልኝ” አለ። ሙባረክ ልጃቸው ነው። ቁልፌን እንደያዝኩ ወደ ቤት ተመለስኩና ሥራ ቦታ ደውዬ ዛሬ አልመጣም አልኩ። አለቃዬ ማን ሞቶብሽ ነው ብላ ስትጠይቀኝ፣ ጎረቤቴ ማለት አነሰብኝ፣ እናቴ ማለትም ውሸት ሆነብኝ። አለቀስኩ።

ለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ ሲያወድሳቸው ዋለ። ደንቡ ነው፤ የሞተ ሰው ክፉ ሆኖ አያውቅም። አንዲት ሴትዮ “ለስላሳ ነበሩ፣ ድምፃቸው እንኳ የማይሰማ” ስትል ግን በዚያ ሁሉ ኀዘን መሀል ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። እትዬ ዘሀራ ለስላሳ አልነበሩም። ዳላስ አጠገብ ባለችው በሳክሲ ከተማ እኛ ባለንበት ጸጥ ያለ መንገድ ላይ ከሣር ማጨጃ ቀጥሎ የሚሰማው የሳቸው ድምፅ ነበር። ኃይለኛ ናቸው፣ ነገር አይተዉም፣ ሰው ሲያወራ አያስጨርሱም። በቀጠሮው ያልመጣን ገዢ በር ላይ አቁመው እንደ ልጃቸው ይቆጡታል። እዚያ ይህን ማለት ነውር ስለሆነ ነው እዚህ የምጽፈው። እሳቸው ራሳቸው እንከናቸው ተደብቆ ቢወደሱ ደስ አይላቸውም ነበር፤ ለምን እንደዚያ እንደምል ወደ በኋላ ይገባችኋል።

እትዬ ዘሀራ ጋራዣቸው ውስጥ ርካሽ የጌም ግራፊክስ ካርድ ይሸጡ ነበር። ለማያውቅ ሰው፣ ግራፊክስ ካርድ ማለት ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባ፣ ጀርባው ላይ ማራገቢያ ያለው፣ መካከለኛ መጽሐፍ የሚያህል ዕቃ ነው። ስክሪን ላይ የምናየውን ሥዕል የሚሠራው እሱ ነው፤ ጌም የሚጫወት ሰው ያለሱ አይሆንለትም። ውድም ርካሽም አለው። እትዬ ዘሀራ ውዱን አይነኩም። “ውዱንማ ማንም ይሸጠዋል፤ ስሙ ራሱ ይሸጠዋል። ለሰው ማስረዳት የሚያስፈልገው ርካሹን ነው” ይሉ ነበር።

ወደዚህ ንግድ የገቡት ባልታሰበ መንገድ ነው። ሙባረክ ኮሌጅ እያለ ያገለገሉ ካርዶች እየገዛ ይሸጥ ነበር። ሌላ ስቴት ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ጋራዡን ሞልቶት ሄደና “እማ፣ ጣይው” አላቸው። እሳቸው ደግሞ የሰው ልጅ የሚፈልገውን ዕቃ መጣል ሐራም ነው ብለው እምቢ አሉ። መጋዘን ውስጥ ለብዙ ዓመት ሠርተው ወገባቸው ሲያስቸግራቸው ቤት የተቀመጡበት ጊዜ ስለነበር፣ አንድ ታጣፊ ጠረጴዛ ዘርግተው ከካርቶኖቹ ጋር ተፋጠጡ። በእያንዳንዱ ካርቶን ላይ የተጻፈውን በስልክ ለልጃቸው እያነበቡለት ሦስት ጥያቄ ይጠይቁት ነበር። ይሄ ምንድነው? ምን ያደርጋል? ከሌለስ? ሙባረክ እንደነገረኝ መልስ ያጠረው በሦስተኛው ጥያቄ ነው። ስለ ዕቃው ያለውን ሁሉ ያውቃል፤ ባይኖር ምን እንደሚሆን ግን አስቦ አያውቅም ነበር።

የሚሸጡበት መንገድ የአባታቸው ነው። አባታቸው ወሎ ውስጥ በቅሎ ነጋዴ ነበሩ። “አባቴ በቅሎ ሲሸጥ በምታነክስበት በኩል ነበር የሚቆመው” አሉኝ አንድ ቀን። “ገዢው ሰላም ሊለው ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው የታመመውን እግር ነው።”

“ታዲያ ይሸጡ ነበር?” አልኳቸው።

“ከገበያው ሁሉ ቀድሞ።”

እሳቸውም እንደዚያው ናቸው። ገዢ ሲመጣ በመጀመሪያ የጋራዡን በር ብረት እንዲነካ ያዝዙታል። ከሰው እጅ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ካርዱን እንዳይገድለው ነው፤ እሳቸው ግን ብረቱን ሲነኩ “ቢስሚላህ” ስለሚሉ የማያውቅ ሰው የሃይማኖት ሥርዓት ይመስለዋል። አንድ ቬትናማዊ ልጅ ብረቱን ይዞ አብሯቸው ቢስሚላህ ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡና “እንከኑን ልንገርህ” ይላሉ። ዋጋ የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው።

ሲፈትኑት ማየት ደግሞ ሌላ ነው። ጌም መጫወት አይችሉም፤ ለመማርም አልፈለጉም። ካርዱን ይገጥሙና አንዱን ጌም ከፍተው በውስጡ ያለውን ሰውዬ ጫካ መሀል ያቆሙታል። ያ ምስኪን ሰይፉን ይዞ ዛፍ ሥር እንደቆመ ይውላል። ዝናብ ይዘንብበታል፣ ጅብ የመሰለ ነገር መጥቶ ይበላዋል፣ እንደገና ተነሥቶ እዚያው ይቆማል። እሳቸው ሙቀቱን ከስክሪኑ ጥግ እያነበቡ ሽንኩርት ይከትፋሉ። “ይሄ ሥራ ፈት” ይሉታል። “ይቁም። ዕቃ የሚታወቀው ሲቆይ ነው።”

ከጎረቤት ከተማ ከጋርላንድ አንድ ልጅ አንዴ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ካሉት አንዱን አነሣ። “እትዬ፣ ይሄ ስምንት ጊጋ ነው አይደል? ሶ ከዛኛው ይበልጣል ማለት ነው” አለ።

“ሚሞሪው ስምንት ነው፣ አልዋሽህም” አሉት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እየሰቀሉ። “መንገዱ ግን ጠባብ ነው። እኔ መጋዘን ሠርቻለሁ፤ ቤቱ ቢሰፋ በሩ ከጠበበ ዕቃ አይወጣም። አንተ የምትለው ጌም ደግሞ ቶሎ ቶሎ የሚጭን የሚያራግፍ ነው። ለአንተ ያኛው ባለ ስድስቱ ይሻልሃል።”

“ያኛው እኮ ይረክሳል። መሸጥ አይፈልጉም እንዴ?”

“መሸጥማ እፈልጋለሁ። ተመልሰህ መጥተህ መጣላቱን ነው የማልፈልገው።”

ልጁ እየሳቀ ባለ ስድስቱን ይዞ ሄደ። በሳምንቱ ጓደኛውን አስከትሎ መጣ፣ መንገዱ ላይ ፓርክ ማድረጊያ ጠፋ፣ ፊት ለፊት ያለው ጎረቤት ተነጫነጨ፣ እትዬ ዘሀራም ለጎረቤቱ ልጅ አንድ የድሮ ካርድ እንከኑን ነግረው ሰጥተው ዝም አሰኙት።

አሁን ወደ ወንድሜ ልምጣ፤ ምክንያቱም እትዬ ዘሀራን የማልረሳቸው በሱ የተነሣ ነው። ዮናስ የረጅም መንገድ ትራክ ነጂ ነበር። ኦክላሆማ ውስጥ በበረዶ ቀን ትራኩ ተገልብጦ ግራ እግሩ ተሰበረ። ብረት ገብቶበት ዳነ፣ ግን ያነክሳል፤ ሐኪሙም ወደ ትራክ አትመለስም አለው። ከሆስፒታል እኔ ቤት ገባና የኋለኛውን ክፍል ዘጋ። እንግዳ ሲመጣ አይወጣም። ሳሎኑን የሚያቋርጠው ሰው አለመኖሩን በር ከፈት አድርጎ አይቶ ነው። ያን የሚያህል ሰው፣ ከዳላስ ካሊፎርኒያ ድረስ እየዘፈነ የሚነዳ ሰው፣ ሳሎን ለመሻገር ከሰው ሲደበቅ ማየት እንዴት እንደሚያሳዝን አልነግራችሁም። ይህ ልጅ ከዚህ ክፍል ሳይወጣ ያረጃል ብዬ ፈራሁ።

አንድ ቀን ግን ራሱ ሐሳብ አመጣ። የትራክ መንዳት ጌም አለ፤ እንደ እውነተኛው መሪም ፍሬንም ያለው። ዮናስ በዚያ ጌም ላይ ለአዲስ መጪ አበሾች የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ ሲዲኤል፣ ለመፈተን የሚያስፈልጋቸውን፣ በተለይ ትሬይለር ባክ ማድረግን፣ ወደ ኋላ መንዳቱን፣ በአማርኛ በኢንተርኔት ላይቭ ሊያስተምር ፈለገ። በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ሞልቷል፤ በአማርኛ መሪውን ወዴት ስታዞር ትሬይለሩ ወዴት እንደሚሄድ ረጋ ብሎ የሚያስረዳ ግን እሱ አላየም። መሪውን ተዋሰ። ኮምፒውተሩ ከቢሮ የወጣ አሮጌ ነው። የቀረው ካርድ ነበር።

እትዬ ዘሀራ ካርዱን ራሳቸው ይዘውለት መጡ። ከክፍሉ እንደማይወጣ ቀድሜ ነግሬያቸው ስለነበር የተዘጋውን በር አንኳኩተው፣ መልስ ሳይጠብቁ ገቡና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ማንም ያን አድርጎ አያውቅም።

“እንከኑን ልንገርህ” አሉት። “አዲስ ነው፣ ካርቶኑ አልተከፈተም። ሚሞሪው አራት ጊጋ ብቻ ነው፤ ሥዕሉን ዝቅ አድርገህ ነው የምትሠራው። መንገዱ ጠባብ ነው። ከኮምፒውተሩ ቦርድ ጋር የሚገናኝበት መስመርም አራት ብቻ ነው፤ ያንተ ቦርድ አሮጌ ስለሆነ እሱም ላይ ይቀንስብሃል። ጥሩው ነገር አይጮኽም፣ ኤሌክትሪክ አይበላም፣ ለኮምፒውተርህ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ፓወር ሰፕላይ ይችለዋል። ለትራክህ ይበቃል። የሰማኸው ገባህ?”

“ገባኝ እትዬ።”

“አብሽር። በል ብረት ንካ።”

አብረው ገጠሙት። ዮናስ ያን ቀን ሲስቅ ሰማሁ፤ ጌሙን አስነሥቶ ሲያሳያቸው “ይሄኛውስ ሥራ ያለው ሰው ነው” አሉት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ጌሙ ብቻውን ሲሆን ይሄዳል። ዮናስ ለሙከራ ሁለት ጓደኞቹን ጠርቶ ላይቭ ሲያደርግ ግን ሥዕሉ መቆራረጥ ጀመረ፤ ትራኩ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ይታያል፣ ድምፁም እየተቆረጠ ይገባል። ደጋግሞ ሞከረ። ጓደኞቹ “ቆይ ኢንተርኔትህን አስተካክል” ብለው ወጡ። እሱም መሪውን አልጋው ሥር አስገብቶ በሩን ዘጋ። እኔን ኢንተርኔቱ ነው አለኝ። እትዬ ዘሀራ በአጥሩ በኩል “ዮናስዬ፣ ካርዱ እንዴት ሆነልህ?” ባሉት ቁጥር ደግሞ በመስኮት “አሪፍ ነው እትዬ፣ ምንም አይልም” ይላቸዋል።

እሳቸውም አመኑት። የሰው ምስክርነት ለሳቸው ትልቅ ነገር ነው። ዴንተን ከተማ የምትማር ሊያ የምትባል ልጅና አርሊንግተን የሚኖር ሳሙኤል የሚባል ሰው፣ ላይቭ የሚሆን ርካሽ ካርድ ብለው በመጡ ጊዜ፣ “ይሄ ይሆናል፤ ጎረቤቴ ይሠራበታል፣ ጠይቄዋለሁ” ብለው ያንኑ ዓይነት ሸጡላቸው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። እትዬ ዘሀራ ናቸው፣ የዚያን ካርድ ባዶ ካርቶን ይዘዋል። ሰላምታም አልሰጡኝ።

“ዮናስን ጥሪልኝ።”

“ተኝቷል እትዬ።”

“ጀምበር እዚህ ደርሳ? ቀስቅሺው።”

ዮናስ ድምፃቸውን ሰምቶ ግድግዳ እየያዘ ወጣ። ካርቶኑን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

“ሊያ ደወለችልኝ” አሉት። “ላይቭ ሳደርግ ይቆራረጥብኛል አለችኝ። ካንቺ ነው፣ የዮናስ ደህና ነው የሚሠራው አልኳት። ቀጥሎ የአርሊንግተኑ ልጅ እንደዚሁ። ሙባረክን ጠየቅኩት፤ ፈልጎ ነገረኝ። ይሄ ካርድ ኤንኮደር የለውም። ሥዕሉን አሽጎ ወደ ኢንተርኔት የሚልከው ክፍል ነው፤ ሁሉም ካርድ ያለው ነገር ነው፣ ይሄን ለማርከስ ብለው አውጥተውበታል። ስለዚህ ያ ሁሉ ሥራ ኮምፒውተሩ ላይ ይወድቃል፣ አሮጌ ከሆነ አይችለውም። ካርቶኑን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ የትም የለም። ካርቶን የሌለውን አይጽፍም።” ካርቶኑን ወደሱ አስጠጉት። “ያንተስ ይቆራረጣል?”

ዮናስ መሬት መሬት አየ። “ይቆራረጣል።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከመጀመሪያው ቀን።”

“እኔ በየቀኑ ስጠይቅህ?”

“እትዬ፣ እንዴት ብዬ… ማለቴ፣ ደክመውልኝ፣ ራስዎ ይዘው መጥተው፣ ገጥመውልኝ። ሪተርን ይደረግልኝ ልበል? ደግሞ ከእኔ መሰለኝ። እኔ የነካሁት ነገር ሁሉ እንደዚህ ነው ብዬ ነው።”

የመጨረሻውን ሲል ድምፁ ወረደ። እኔ እዚያ ላይ ያዝኑለታል ብዬ ጠብቄ ነበር። አላዘኑለትም።

“በቅሎዋ ታነክሳለች፣ አንተ ደህና ናት አልከኝ። እኔም በአንተ ቃል ለሁለት ሰው ሸጥኳት። አሁን እነዚያ ልጆች እንዳንተው ከእኛ ነው ብለው ተቀምጠዋል። ይሄ ይሉኝታ ነው እንጂ ደግነት አይደለም፣ የኔ ዓለም።” ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። “ጫማህን አድርግ።”

“የት?”

“ዴንተን። ከዚያ አርሊንግተን።”

“በስልክ አይነግሯቸውም?”

“የሸጥኩት ፊት ለፊት ነው።”

“እሺ እርስዎ ይንገሯቸው፣ እኔ ምን አደርጋለሁ?”

“እኔ የኔን እናገራለሁ። የመሰከርከው ግን አንተ ነህ። ምስክርነትህን ማን ያንሣልህ?”

እኔ ነዳሁ። እትዬ ዘሀራ ከፊት ተቀመጡ፣ ዮናስ እግሩን ዘርግቶ ከኋላ። ከአደጋው ወዲህ ከሐኪም ቤት በቀር ወዴትም ሄዶ አያውቅም። ብዙ አልተነጋገርንም። ትራክ ባጠገባችን ባለፈ ቁጥር ግን በመስታወት አየዋለሁ፤ አንገቱን እያዞረ ይከተለዋል።

ሊያ የምትኖርበት አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለውም። ደረጃው ከውጭ ነው፣ ተማሪው ሁሉ ይወጣል ይወርዳል። “ልደውልላትና ትውረድ” አልኩ። እትዬ ዘሀራ ለመጀመሪያ ጊዜ ምን እንደሚሉ ጠፋቸው። ደረጃውን አዩ፣ የዮናስን እግር አዩ። የመኪናውን በር የከፈተው ራሱ ዮናስ ነው። እጀታውን ይዞ፣ ጤነኛውን እግር አስቀድሞ፣ ሰው እያየው ወጣ። እትዬ ዘሀራ ከኋላው፣ ወገባቸውን ይዘው፣ በየደረጃው ያ ረብ እያሉ ተከተሉት፤ እኔም ከኋላቸው ወጣሁ።

ሊያ በሩን ከፍታ ሦስታችንን ስታይ ደነገጠች። እትዬ ዘሀራ የካርዱን ጉድለት ነገሯት፣ ይቅርታም ጠየቋት። ከዚያ ወደ ዮናስ ዞሩ።

“እኔ ነኝ አሪፍ ነው ያልኩት” አላት። “የኔም ይቆራረጣል። ደብቄያቸው ነው።”

“ኦኬ… አልተናደድኩም እኮ” አለች ሊያ። አማርኛዋ እየተፈለገ ነው የሚመጣው። “እኔ፣ ማለቴ፣ እኔ ነኝ የማልችለው ብዬ ቲንክ አድርጌ ነበር። ላይቭ ማድረግ ስቶፕ አድርጌያለሁ።”

“እኔም” አለ ዮናስ።

“ሶ ከኛ አይደለም?”

“ከኛ አይደለም።”

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሳቁ። እኔ ወደ ደረጃው ዞርኩ፤ እንባዬን እንዲያዩብኝ አልፈለግኩም።

አርሊንግተን የነበረው ሳሙኤል ደግሞ እንደ ዮናስ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ገና ነገሩ ሳይጀመር “ኧረ ችግር የለም እትዬ፣ እዚህ ድረስ ምን አደከመዎት፣ እኔ ተስማምቶኛል” ማለት ጀመረ። ስልክ ደውሎ ያማረረው እሱ እንዳልነበረ።

“ችግር አለ በል” አሉት።

“የለም፣ እውነቴን ነው…”

“ችግር አለ ካላልክ ከዚህ በር አልነሣም። ቁጭ ብዬ ዙህሬን እሰግዳለሁ።”

ሳሙኤል ዮናስን አየው። ዮናስም “በላቸው፣ ይሻልሃል” አለው። “እሺ፣ ችግር አለ” አለ ሳሙኤል፣ እንደ ተማሪ። እትዬ ዘሀራም ተባረክ ብለው ካርዱን ተቀበሉት።

ለሦስቱም በምትኩ ያገለገለ ካርድ ሰጧቸው። እንከኑን ሲዘረዝሩት ብዙ ነው፤ አሮጌ ነው፣ ይሞቃል፣ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ፓወር ሰፕላይ ያስለውጣል። ኤንኮደር ግን አለው። በተመለሱት ካርዶች ካርቶኖች ላይ በወፍራም ማርከር፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው፣ “ለጌም ይሆናል፤ ላይቭ ለማድረግ አይሆንም” ብለው ጻፉባቸውና ጠረጴዛው ላይ ከፊት ደረደሯቸው። የሚገርመው፣ ላይቭ በማይፈልጉ ልጆች እጅ ቶሎ ተሸጡ።

ዮናስ መሪውን ከአልጋው ሥር ያወጣው በሳምንቱ ነው። የትምህርቱ ሰዓት ሲደርስ እትዬ ዘሀራ በቤታቸው ሆነው በስልክ ሊያዩ ተስማሙ፤ እኔ የክፍሉ በር ላይ ቆምኩ። በሩ ክፍት ነው። ካሜራው ላይ ፊቱ ብቻ እንዲታይ አድርጎ አዘጋጅቶት ነበር። የሚገባው ሰው በዛ። ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ፣ ካሜራውን ዝቅ አደረገና ግራ እግሩን፣ ያን ከሰው የሚደብቀውን፣ ዘርግቶ አሳያቸው።

“ከመጀመራችን በፊት እንከኔን ልንገራችሁ” አለ። “ትራክ ገልብጫለሁ። በበረዶ ላይ ፈጥኜ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ከእንግዲህ አልነዳም። ይሄን ሰምቶ መውጣት የሚፈልግ ይውጣ። የቀራችሁ ባክ ማድረግ እንጀምር።”

አንድም ሰው አልወጣ። ሥዕሉም አልተቆራረጠም። ማራገቢያው ግን እንደተባለው ይጮኽ ነበር።

ሲጨርስ ስልኩ ጮኸ። እትዬ ዘሀራ ናቸው፣ ድምፃቸው እኔ ጋ ይሰማል። “ፈጥነህ ትናገራለህ፣ ትሬይለሩ ሲዞር አስፋልቱ ይደበዝዛል፣ ሥዕሉን ዝቅ አድርገው” አሉት። ምስጋና ጠብቆ ከነበረ ተሳስቷል። ሊዘጉ ሲሉ ግን “ዮናስዬ” አሉት፤ “አባቴ ቢያይህ ደስ ይለው ነበር።”

ከዚያ ቀን በኋላ በሩ አልተዘጋም። በሱ ተምረው መንጃ ያወጡ ሰዎች እየመጡ ይጎበኙታል፤ ሳሎን ድረስ እያነከሰ ወጥቶ ይቀበላቸዋል። እትዬ ዘሀራም ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርቱን በስልካቸው ያያሉ፣ ሲያልቅ ይደውላሉ፣ አንድ ጉድለት አያጡም። ተቆጥተው እንጂ አሞግሰው አያውቁም። እኔ ግን ወንድሜን ከሞት ያወጣልኝ ሰው ማነው ብባል የሳቸውን ስም ነው የምጠራው።

ዓርብ ከቀብር ስንመለስ ዮናስ ስለ ነገው ትምህርት ምንም አላለም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ቅዳሜ ጠዋት የኮምፒውተሩን ማራገቢያ ሰማሁና ወደ ክፍሉ ሄድኩ። መስኮቱ በአጥሩ በኩል ወደ ተዘጋው ጋራዥ ነው የሚያየው። ሰው ገብቶ ሞልቷል። ዮናስ እጁን በኮምፒውተሩ ብረት ላይ አሳርፎ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ እንደ ልማዱ ወንበሩን ወደ ኋላ ስቦ እግሩን አሳየ።

“ከመጀመራችን በፊት እንከኔን ልንገራችሁ” አለ። ስለ በረዶው ነገራቸው፣ ስለ ትራኩ ነገራቸው። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ጋራዡ አየ።

“ዛሬ ደግሞ አንድ ተጨማሪ አለ። ድምፄ ሊቆራረጥባችሁ ይችላል። ካርዱ አይደለም።”